ጨረር የጠጣችው አክስቴ እና ከቤቷ የቀረው የጥር ሥላሴ ጽዋ

ጥር 7 ቀን ለእኛ ቤተሰብ ትልቅ ቀን ነው፡፡ አክስቴ ከሥላሴ ካቴድራል ዝቅ ብሎ በሚገኘው ሰፈር ከ40 ዓመት በላይ ኖራለች፡፡ የሰፈሩ እናቶች የሥላሴ ማኅበር አላቸው፡፡ ጽዋው በየወሩ በ7 ከቤት ቤት ይዞራል፤ የጥር ሥላሴ ዝክር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደማውቀው የአክስቴ ድርሻ ነው፡፡ ጠላው ቀደም ብሎ ይጠነሰሳል፣ ድፎው በዋዜማው ይደፋል፣ እኛም የትም ብንሆን ያን ቀን ከቤቷ አንቀርም፡፡

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን የጥር ሥላሴ ጽዋ ከአክስቴ ቤት ቀረ፡፡ ከማኅበሩ እናቶች አንዷ በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ደወሉላት፡፡ «የጠጣሽው ነገር ወደ ሰው ይተላለፋል አሉ፡፡ ሕፃናትም ይመጣሉና የዘንድሮውን እኔ ቤት እናድርገው፤ አንቺም ትንሽ ዕረፊ» አሏት፡፡ አክስቴ «እሺ፣ ይሁን» ብላ ስልኩን ዘጋች፡፡ በዓሉ ዕለትም ካቴድራሉ ሳትሄድ ቤቷ ውስጥ ዋለች፡፡ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያው ሰማችው፡፡

አክስቴ የጠጣችው አዮዲን-131 የሚባል ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ነበር፡፡ የታይሮይድ ካንሰር ይዟት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ የቀሩትን ሴሎች ለማጥፋት ዴልሂ ድረስ ሄዳ ነው የወሰደችው፡፡ ከወሰደችበት ከኅዳር 25 እስከ ጥር 7 ድረስ 42 ቀናት አልፈው ነበር፡፡

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን የእኔ ነገር ነው፡፡ ፊዚክስ የተማርኩት ከሥላሴ ብዙም በማይርቀው በአራት ኪሎው ሳይንስ ፋኩልቲ ነው፡፡ ስለ ግማሽ ዕድሜ ስሌት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቆሜ አስተምሬያለሁ፡፡ ሆኖም ያን ጥር የሁለት ዓመት ልጄን ይዤ አክስቴ ቤት አልሄድኩም፡፡ «ለማንኛውም ትንሽ ይቆይ» አልኩ፡፡ ከሆስፒታሉ ይዛው የመጣችው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ኮሞዲኖዋ ላይ ተቀምጦ ነበር፡፡ እኔም፣ ልጆቿም፣ ማንም አላነበበውም፡፡ እኔ ያነበብኩት ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው፡፡ ወረቀቱ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ተለመደው ኑሮሽ ተመለሽ» ይላል፡፡

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በከፊል ዕዳዬን ለመክፈል ነው፡፡ ሐኪም አይደለሁምና ለማንም ሕክምና ማዘዝ አልችልም፡፡ ነገር ግን ጨረር እንዴት ካንሰርን እንደሚገድል፣ ታማሚውስ እስከ መቼና ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚያስረዳው በአብዛኛው ፊዚክስ ነው፡፡ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር፡፡

አዮዲን የሚርበው ዕጢ

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ አንገት ላይ የሚገኝ፣ ቅርጹ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ ነው፡፡ በነገራችን ላይ በአማርኛችን «ዕጢ» የሚለው ቃል በተፈጥሮ ያለንን ጤነኛ አካልም፣ ያለ ቦታው የበቀለን እባጭም ስለሚያመለክት «ዕጢ አለብሽ» መባል ብቻውን ብዙ ሰው ያስደነግጣል፡፡ ታይሮይድ ሁላችንም ያለን ዕጢ ነው፡፡ ሥራውም የሰውነትን ሙቀት፣ የልብን ምት፣ የምግብን አጠቃቀም የሚቆጣጠር ሆርሞን ማምረት ነው፡፡ ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን የግድ ያስፈልገዋል፡፡

አዮዲን ሲያጥር ዕጢው ያለችውን ለማብቃቃት ሲታገል ያብጣል፡፡ ያ ነው እንቅርት የምንለው፡፡ ሀገራችን ይህን በሚገባ ታውቀዋለች፡፡ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በተካሄደ ሰፊ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 40 በመቶ በሚጠጉት ላይ እንቅርት ተገኝቷል፡፡ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፡፡ አንባቢ እንዳይሳሳት፣ አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም፡፡ ነገር ግን አንገት ላይ እብጠት ማየት የተለመደ በሆነበት አገር ካንሰር የሆነውም «ያው እንቅርት ነው» ተብሎ ለዓመታት ይታለፋል፡፡ የአክስቴም እንደዚያ ነበር፡፡ ለብዙ ዓመት በነጠላዋ ሸፍናው ኖረች፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፡፡ የታይሮይድ ሴሎች አዮዲንን ከደም ውስጥ እየለቀሙ የሚያስገቡበት የራሳቸው የሆነ በር አላቸው፡፡ ከሌላው የሰውነት ክፍል ሁሉ ይልቅ አዮዲንን የሚስበውና የሚያከማቸው ይህ ዕጢ ነው፡፡ በተለይ ፓፒላሪና ፎሊኩላር የሚባሉት የታይሮይድ ካንሰር ዓይነቶች ከዚሁ ሴል የተነሡ በመሆናቸው በአብዛኛው ይህን አመል አይተዉም፡፡ ወደ ሳንባም ወደ አጥንትም ቢሰደዱ አዮዲን መፈለጋቸውን ይቀጥላሉ፡፡ እንግዲህ ካንሰሩ በገዛ አፉ የሚውጠው አዮዲን ራዲዮአክቲቭ ቢሆንስ?

አዮዲን-131 በኬሚካዊ ጠባዩ በጨው ውስጥ ካለው አዮዲን አይለይም፤ ሴሉ ሊለየው አይችልም፡፡ ልዩነቱ አተሙ ያልተረጋጋ መሆኑ ነው፡፡ ጊዜው ሲደርስ ቤታ የሚባል ቅንጣት ይተፋና ዜኖን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፡፡ ይህ ቤታ ቅንጣት በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው በአብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ቢበዛ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፡፡ በዚያች አጭር መንገድ ላይ የሴሉን ዲ.ኤን.ኤ. እየበጣጠሰ ይገድለዋል፡፡ አዮዲኑን የዋጠው ሴልና የቅርብ ጎረቤቶቹ ይሞታሉ፤ ከዚያ ራቅ ያለው አካል ግን ከቤታው ይተርፋል፡፡

መጠኑን ስሰማ እኔ ራሴ ተገርሜያለሁ፡፡ አክስቴ የወሰደችው 100 ሚሊኪዩሪ ነው፤ ይህም ማለት በየሰከንዱ 3.7 ቢሊዮን አተሞች ይፈነዳሉ ማለት ነው፡፡ የዚያ ሁሉ አዮዲን ክብደት ግን 1 ማይክሮግራም እንኳ አይሞላም፡፡ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከምግቡ ማግኘት ያለበት አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነውና፣ ያ ሁሉ ጉልበት የተሸከመው አዮዲን ከአንድ ቀን ምግባችን ከምናገኘው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም ማለት ነው፡፡

ቦስተን ውስጥ ከተነሣ አንድ ጥያቄ

ይህ ሕክምና የትናንት ፈጠራ አይደለም፡፡ ሳውል ኸርትዝ የሚባል የቦስተን ሐኪም ኅዳር 12 ቀን 1936 (እ.ኤ.አ.) የኤም.አይ.ቲ.ው ፕሬዚዳንት ካርል ኮምፕተን ፊዚክስ ለሕክምና ምን ሊጠቅም እንደሚችል የሰጡትን ገለጻ ሲሰማ ቆየና አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ አዮዲንን ራዲዮአክቲቭ ማድረግ ይቻላል ወይ? የሚል፡፡ ከዚያ ጥያቄ ጥናት ተወለደ፡፡ ካሊፎርኒያ ውስጥ ግሌን ሲቦርግና ጆን ሊቪንጉድ አዮዲን-131ን እ.ኤ.አ. በ1938 አገኙት፡፡ ኸርትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941 ታይሮይዷ ከመጠን በላይ ለሚሠራ አንዲት ሴት ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሰጠ፡፡ ቀጥሎ ኒውዮርክ ውስጥ ሳሙኤል ሳይድሊን የታይሮይድ ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨበትን ሕመምተኛ በዚሁ አዮዲን አክሞ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1946 አሳተመ፡፡

የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ ግን ጨለማ ነው፡፡ ራዲየም እ.ኤ.አ. በ1898 በኩሪ ባልና ሚስት ከተገኘ በኋላ፣ በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ራዲየም የተጨመረበት ውሃ ለኃይል ማደሻ እየተባለ በጠርሙስ ይሸጥ ነበር፡፡ ኤበን ባየርስ የሚባል ባለጸጋ ጠርሙሱን እያስከተለ ሲጠጣ ቆይቶ መንጋጋው በስብሶ እ.ኤ.አ. በ1932 ሞተ፡፡ ምክንያቱ ራዲየም ጠባዩ ካልሲየም ስለሚመስል አጥንት ውስጥ ገብቶ መቀመጡ ነው፤ የዚያ ራዲየም ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 1,600 ዓመት ነው፡፡ እንግዲህ ጨረር የሚጠጣ መድኃኒት ሁለት ነገር በትክክል መመለስ አለበት፤ የት ይሄዳል? ስንት ጊዜ ይቆያል? ለባየርስ ውሃ ሁለቱንም የጠየቀ አልነበረም፡፡ ለአዮዲን-131 ግን የሁለቱም መልስ ይታወቃል፡፡

ጾም የሚመስል ዝግጅት

ሕክምናው የሚሠራው የካንሰሩ ሴሎች አዮዲን በጣም ሲርባቸው ነው፡፡ ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት ማስራብ ያስፈልጋል፡፡ አንደኛ፣ ታማሚዋ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የምትወስደውን የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ለ3 ወይም 4 ሳምንት ታቋርጣለች፡፡ ያን ጊዜ አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የሚባለው ዕጢ ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለውን ሆርሞን አብዝቶ ይለቅና የቀሩትን የታይሮይድ ሴሎች «አዮዲን ፈልጉ» እያለ ይቀሰቅሳቸዋል፡፡ ክኒኑን ሳያቋርጡ ቲ.ኤስ.ኤች.ን በመርፌ የመስጠት አማራጭም አለ፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፡፡ አክስቴ ክኒኑን አቋርጣ ነበር፡፡ በኅዳር ብርድ ሁለት ጋቢ ደርባ፣ እየተኛች፣ ድምፅዋ እየጎረነነ ያሳለፈችው ወር ከቀዶ ሕክምናው የከፋ እንደነበር ዛሬም ትናገራለች፡፡

ሁለተኛው የምግቡ ነገር ነው፡፡ ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት አዮዲን የሚበዛባቸውን ምግቦች፣ ማለትም ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ የእንቁላል አስኳል፣ የባሕር ምግብ፣ ከሁሉ በላይ አዮዲን ያለበትን ጨው መተው ያስፈልጋል፡፡ አክስቴ ዝርዝሩን ስነግራት ሳቀች፡፡ «ይኼማ የእኛ ጾም ነው» አለች፡፡ እውነቷን ነበር፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ቀናት ነበር የቀሩት፡፡ ሆኖም የጾም ምግብ አንድ ጉድለት አለው፡፡ በበርበሬውም በሽሮውም ውስጥ ገና ሲዘጋጁ ጨው ይገባል፤ ዳቦም ያለ ጨው አይጋገርም፡፡ ስለዚህ ያለ ጨው የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ ለብቻ ማስፈጨት ነበረብን፡፡ ይህን ከእኛ የወጥ ቤት አመል ጋር አገናዝቦ የሚነግር የታተመ መመሪያ አላገኘሁም፡፡ የዴልሂው ወረቀት ስለ ሽሮ አያውቅም፡፡

ሌላም መጠንቀቂያ አለ፡፡ ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ብዙ አዮዲን ስላለበት ሴሎቹን ያጠግባቸዋል፡፡ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ወር መጠበቅ ስለሚያስፈልግ ስካን ያዘዘው ሐኪም አስቀድሞ ማወቅ አለበት፡፡

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም፡፡ አዮዲንን ከታይሮይድ ቀጥሎ የሚስቡት የምራቅ ዕጢዎች ናቸው፡፡ ስለዚህ አንዳንድ ታማሚ ከቀናት በኋላ ጆሮው ሥር ያብጣል፣ አፉ ይደርቃል፣ የምግብ ጣዕም ይጠፋበታል፡፡ አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ ለመከራ መደራረብ ምሳሌ መስጠታቸው ነበር፤ አክስቴ ላይ ግን ቃል በቃል ደረሰ፡፡ ውሃ አብዝቶ መጠጣትና ሐኪሙ በሚለው ሰዓት ሎሚ ወይም ከረሜላ መምጠጥ ይመከራል፡፡ ማቅለሽለሽም ሊኖር ይችላል፡፡ መጠኑ እየተደጋገመ ሲሄድ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሌላ ካንሰር የመምጣት ዕድሉ በጥቂቱ ይጨምራል፡፡

ነፍሰ ጡር ሴት ይህን መድኃኒት በፍጹም አትወስድም፤ የፅንሱን ታይሮይድ ያጠፋልና፡፡ የምታጠባ እናትም ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ጡት ማጥባት ማቆም አለባት፡፡ ከሕክምናው በኋላም ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት እርግዝና ይዘገያል፡፡

ስንት ቀን? ስንት ሜትር?

አሁን የጥር ሥላሴን ጽዋ ወዳስቀረው ጥያቄ ደረስን፡፡ አዮዲን-131 ከቤታው ሌላ ጋማ ጨረርም ይለቃል፡፡ ቤታው ከታማሚዋ ሰውነት አይወጣም፤ ጋማው ግን ይወጣል፡፡ ሰዎች መራቅ ያለባቸው ለዚህ ነው፡፡ በተጨማሪ መድኃኒቱ በሽንት፣ በምራቅና በላብ ስለሚወጣ ንጽሕና ወሳኝ ነው፡፡ ስለዚህ የማኅበሩ እናቶች ፍርሃት ከመሬት የተነሣ አልነበረም፡፡ የተሳሳቱት በመጠኑና በጊዜው ነው፡፡

የአዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነው፡፡ ዛሬ 100 የነበረው ከ8 ቀን በኋላ 50፣ ከ16 ቀን በኋላ 25፣ ከ24 ቀን በኋላ 12.5 እያለ ይሄዳል፡፡ በ40ኛው ቀን ከ32 አንድ እጅ ይቀራል፡፡ ይህ ግን ከሰውነት ምንም ሳይወጣ ቢቆይ ነው፡፡ ታይሮይዱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው አዮዲኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በሽንት ያስወጣዋል፡፡ እንግዲህ አክስቴ በ42ኛው ቀን ለማኅበርተኞቿ የምታሰጋ አልነበረችም፡፡

ርቀትም እንደዚያው ነው፡፡ ከታማሚው 1 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የሚያገኘው ጨረር 2 ሜትር ቢርቅ ወደ አራተኛ እጅ፣ 3 ሜትር ቢርቅ ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳል፡፡ አንድ ክፍል ውስጥ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ለጥቂት ደቂቃ መጠየቅና አልጋ ተጋርቶ ማደር በጣም ይለያያሉ፡፡

ትክክለኛውን የቀን ብዛት የሚወስነው በተሰጠው መጠን መሠረት ሐኪሙ ነው፤ ዋና ዋናዎቹ መመሪያዎች ግን ይመሳሰላሉ፡፡ ታማሚው መጠኑ ከፍ ካለ ለ1 እስከ 3 ቀን ግድግዳው ጨረር በሚከላከል የሆስፒታል ክፍል ብቻውን ይቆያል፡፡ ቤት ሲገባ ለተወሰኑ ቀናት ለብቻው ይተኛል፣ መሳሳም ይቀራል፣ ከአንድ ትሪ አይጎርስም፣ አያጎርስም፡፡ መጸዳጃ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠቀምና ሁለት ጊዜ ውሃ ይለቅበታል፡፡ ልብሱ ለብቻው ይታጠባል፡፡ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ደግሞ ጠንከር ብሎና ረዘም ላለ ጊዜ፣ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይርቃል፡፡ ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው የሆስፒታሉን ደብዳቤ ከእጁ እንዳይለይ፡፡ የአንዳንድ አውሮፕላን ጣቢያዎች ጨረር ጠቋሚ መሣሪያ በጣም ስሱ ስለሆነ፣ ሰውየው ለማንም የማያሰጋ ከሆነ በኋላም ለሳምንታት ሊጮኽ ይችላል፡፡

ይህ ለእኛ ኑሮ ቀላል አይደለም፡፡ በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ጠያቂ ያልመጣለት በሽተኛ ከበሽታው ይልቅ ብቸኝነቱ ይገድለዋል፡፡ ስለዚህ ሁለት ዓይነት ስሕተት እንሠራለን፡፡ አንዳንዱ «ምን አባቱ!» ብሎ በ3ኛው ቀን ሕፃን ይዞ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው በ42ኛው ቀንም ደጃፍ አይረግጥም፡፡ መፍትሔው ቀኑን ማወቅ ነው፡፡ እስከዚያው በስልክ መጠየቅ፣ ምግቡን በር ላይ ማድረስ ይቻላል፡፡ ቀኑ ሲያልቅ ደግሞ ቡናውን አፍልቶ መሰብሰብ ነው፡፡

የጥቁር አንበሳው ጨረር ሌላ ነው

አንድ ትልቅ መደናገር እዚህ ላይ ላጥራ፡፡ በአገራችን «ጨረር ላይ ናት» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጠው ነው፡፡ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በኮባልት-60 መሣሪያ ይህን ሕክምና ሲሰጥ፣ ለረጅም ዓመታትም የአገሪቱ ብቸኛ ማዕከል ሆኖ ቆይቷል፡፡ በቅርብ ዓመታት በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ሊኒየር አክሰለሬተሮች እዚያም፣ ጅማና ሐረርን በመሳሰሉ ከተሞችም ተተክለዋል፡፡

በዚህ ሕክምና ራዲዮአክቲቭ የሆነው ነገር መሣሪያው ውስጥ ተቆልፎ የሚኖር ነው፤ በሊኒየር አክሰለሬተሩ ደግሞ ጭራሽ የለም፡፡ ጨረሩ በሰውነት ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ የሚቀር ነገር የለም፡፡ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን እንደማይቀር ሁሉ ማለት ነው፡፡ ለጡት ወይም ለማኅፀን በር ካንሰር በዚህ መሣሪያ የታከመች እናት ከክፍሉ እንደወጣች ልጇን ማቀፍ ትችላለች፡፡ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ደቂቃም መራቅ አያስፈልግም፡፡ «ጨረር ተሰጥቷታል» ተብላ ከትሪ የምትገለል ሴት ካለች፣ የሚደረግባት ግፍ ነው፡፡

አድራሻ ያለው ጨረር

አዮዲን ለጡት፣ ለሳንባ ወይም ለአንጀት ካንሰር አያገለግልም፤ እነዚያ ሴሎች አዮዲን አይርባቸውምና፡፡ ከታይሮይድ ካንሰሮችም አንዳንዶቹ፣ በተለይ ሜዱላሪና አናፕላስቲክ የሚባሉት፣ አዮዲን አይቀበሉም፡፡ ታዲያ ሳይንቲስቶች ለሌሎቹ ሴሎች መንገድ ሲፈልጉ ቆዩ፡፡

የአዲስ አበባ ሰው ቤት የሚያገኘው በመንገድ ስም ሳይሆን «ከሥላሴ ዝቅ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ አረንጓዴ በር ያለው» እየተባለ ነው፡፡ አዲሶቹ መድኃኒቶችም እንደዚሁ በምልክት ነው የሚሄዱት፡፡ ኬሚስቶች በካንሰሩ ሴል ላይ ብቻ በብዛት የሚገኝ ምልክት ይፈልጋሉ፡፡ ያን ምልክት የሚያውቅ ሞለኪውል ይሠራሉ፡፡ ከሞለኪውሉ ጋር ራዲዮአክቲቭ አተም ያስራሉ፡፡ ለምሳሌ ሉቴሺየም-177 የሚባለው ብረት ግማሽ ዕድሜው 6.6 ቀን ገደማ ሲሆን ቤታ ይለቃል፡፡ ከአንድ ዓይነት ሞለኪውል ጋር ታስሮ የጣፊያና የአንጀት ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎችን ለማከም እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል፡፡ ከሌላ ሞለኪውል ጋር ታስሮ ደግሞ ለተሠራጨ የፕሮስቴት ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2022 ተፈቀደ፡፡ ለዚህ ፈቃድ መነሻ በሆነው ጥናት ከተለመደው ሕክምና ጋር ይህን ያገኙት ታማሚዎች አማካይ ዕድሜ 15.3 ወር ሲሆን፣ ያላገኙት 11.3 ወር ነበር፡፡ ተአምር አይደለም፤ ሌላ አማራጭ ላለቀበት ሰው ግን አራት ወር ትልቅ ነገር ነው፡፡

ባየርስን የገደለው ራዲየምም ተመልሷል፡፡ ይሁንና የሚሰጠው ራዲየም-223 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 11.4 ቀን ብቻ፡፡ ያው አጥንት የመውደድ ጠባዩ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወደ አጥንት የተሠራጨ የፕሮስቴት ካንሰርን ለማከም ዋለ፡፡ መርዝና መድኃኒትን የለየው እንግዲህ የት እንደሚሄድና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ማወቅ ነው፡፡

መጋዘን የማይጠብቀው መድኃኒት

ታዲያ አክስቴ ለምን ዴልሂ ድረስ ሄደች? ዕቁቧን ያስገባችውና ዘመድ አዝማድ ያዋጣላት ለምንድን ነው? እንደ እሷ ሁሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ሕክምና ሕንድን፣ ኬንያንና ታይላንድን ሲያንኳኩ ኖረዋል፡፡ ሕክምናው ራሱ አንድ ካፕሱል መዋጥ ወይም አንድ ጉንጭ ፈሳሽ መጠጣት ነው፡፡ ከባዱ በዙሪያው ያለው ነው፡፡

አዮዲን-131 የሚመረተው በኑክሌር ማብሊያ ውስጥ ነው፡፡ በአህጉራችን እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚሠራው የደቡብ አፍሪካው ሳፋሪ-1 ከዓለም ዋና ዋና አምራቾች አንዱ ነው፡፡ ይሁንና ይህ መድኃኒት ተገዝቶ መጋዘን የሚከተት አይደለም፡፡ ሰነድ ጎድሎ ጉምሩክ 8 ቀን ቢይዘው ግማሹ የለም፤ 16 ቀን ቢይዘው ሩብ ብቻ ይቀራል፡፡ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ የአንድ ወር ወረፋ ካለው የታዘዘለት ታማሚ ቀን ያልፋል፤ ያ ታማሚ ደግሞ ክኒኑን አቋርጦ በብርድ የሚጠብቅ ሰው ነው፡፡ ከዚህ ሌላ ግድግዳው እርሳስ የለበሰ ክፍል፣ የታማሚዎቹ ሽንት ጨረሩ እስኪቀንስ የሚጠራቀምበት ታንከር፣ መጠኑን የሚለካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያና የማይቋረጥ ቁጥጥር ያስፈልጋሉ፡፡ ኢትዮጵያ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣንን በአዋጅ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1993 ስለሆነ የቁጥጥሩ ነገር አዲስ አይደለም፡፡ ማሽን ከመግዛት ይልቅ የሚከብደው በየሳምንቱ ሰዓቱን ጠብቆ የሚሠራ ሰንሰለት መዘርጋቱ ነው፡፡

ሁሉም ያስፈልገዋል ወይ?

አንባቢ ከመታለል እንዲጠበቅ ይህንም ልጨምር፡፡ የታይሮይድ ካንሰር የያዘው ሰው ሁሉ አዮዲን መጠጣት የለበትም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተሙ ሁለት ትልልቅ የአውሮፓ ጥናቶች፣ ሥጋታቸው ዝቅተኛ ለሆነ ታማሚዎች 30 ሚሊኪዩሪ የ100ውን ያህል እንደሚሠራ አሳይተዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ዕጢያቸው ትንሽና ያልተሠራጨ ሰዎች ጭራሽ ባይጠጡም በ3 ዓመት ውስጥ ከጠጡት የባሰ ውጤት እንዳላገኛቸው ደርሶበታል፡፡ ስለዚህ ቤት ሸጦ ከመሄድ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል፡፡ የካንሰሩ ዓይነት አዮዲን የሚቀበል ነው? የሥጋቱ ደረጃ ስንት ነው? ባልወስድ ምን ይጎድለኛል? መጠኑ ስንት ነው? ከሰው የምርቀውስ እስከ ስንት ቀን? የመጨረሻውን መልስ በአማርኛ አጽፎ ለቤተሰብም ለጎረቤትም ማንበብ መልካም ነው፡፡ እኛ ያንን አላደረግንም፡፡

ለአክስቴ ካንሰሩ ወደ አንገቷ ንፍፊቶች ተሻግሮ ስለነበር መጠጣቷ ተገቢ ነበር፡፡ ዛሬ በደህና ትገኛለች፡፡ በየማለዳው በባዶ ሆዷ የሆርሞን ክኒኗን ትውጣለች፤ በየጊዜውም ደሟን ትመረመራለች፡፡

የጥር ሥላሴ ጽዋ በዓመቱ ወደ ቤቷ ተመለሰ፡፡ የዚያን ዕለት ስልክ የደወሉት እናት ከሁሉ ቀድመው መጥተው ድፎውን በመቁረስ ሲያግዟት አየሁ፡፡ የእኔም ልጅ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ነበር፡፡ ጠላው ሲቀዳ እኚያ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ያኔ የጠጣሽው ነገር ምን ነበር?» ብለው ጠየቋት፡፡

አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና «ጨው ነው» አለች፡፡ «ትንሽ የተቆጣ ጨው፡፡»

ሶዲየም አዮዳይድ ነበርና፣ ኬሚስትሪውም ከእሷ ጋር ይስማማል፡፡